የላላው ብሎን

የጋራዡ ሰዎች ስሙን ትተው «ጆሮ» ነበር የሚሉት። ሠላሳ አራት ዓመት በመካኒክነት ሲሠራ፣ መኪና ገና ከበሩ ሳይገባ ሕመሙን ይናገር ነበር። «ሦስተኛዋ ካንዴላ እሳት አትሰጥም» ካለ፣ ተፈትታ ስትታይ ጥፋተኛዋ ሦስተኛዋ ናት። የቀረውን የሚሠራው በእጁ ነው። ኮፈኑን አንሥቶ፣ እሳቱን ለየካንዴላው የምታድለውን ማከፋፈያ ከፍቶ ፑንቲናዋን ያያል፤ እየተነካኩ እየተለያዩ እሳት የሚያስነሡ ሁለት ትንንሽ ብረቶች ናቸው። በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት ከጥፍር ይቀጥናል። ከዚያ ሞተሩን ያስነሣና ማከፋፈያዋን በሁለት ጣቱ ይዞ ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ ያዞራታል። እሳቱ ሲቀድም ሞተሩ ያንኳኳል፣ ሲዘገይ ያለከልካል። በሁለቱ መካከል ድምፁ ስብስብ የሚልበት አንድ ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ጆሮ ዓይኑን ይጨፍንና አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል።

ከጊዜ በኋላ የሚመጡት መኪኖች ማከፋፈያም ፑንቲናም የላቸውም። አንድ ባለሙያ ኬብል ሰክቶ ስክሪኑን ያነብባል፤ ስክሪኑ ያለው ይሆናል። አለቃው ጆሮን ስለሚያከብረው አላባረረውም፤ ጠረጴዛ ሰጥቶ ደንበኛ ተቀበል አለው። ጆሮ ሁለት ዓመት እንደ እንግዳ ተቀምጦ ጡረታ ወጣ።

ጡረታው አልተስማማውም። ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፣ ግቢውን ይዞራል፣ ተመልሶ ይተኛል፣ ደግሞ ይነሣል። የበሩን ማጠፊያ አጠበቀ፣ የልብስ ስፌት መኪናውን ፈታ፣ ደህናውን የጁስ መፍጫ «ድምፁ አላማረኝም» ብሎ በታትኖ ሳይገጥመው ቀረ። ሚስቱ ለጎረቤት ስታወራ፣ ቤቱ ውስጥ ያልተፈታ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ አለች። እሱም ሳቀ፤ እግሩ ግን አልረጋም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መንገድ ለመንገድ ሲዞር ከኋላው የሚያለከልክ ሞተር ሰማ። ዞር ሲል ዕድሜዋ ከሱ ትዳር የማይተናነስ ሰማያዊ መኪና ናት። ሁለት መንገድ በእግሩ ተከተላት። መድኃኒት ቤት በር ላይ ስትቆም፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ከውስጧ ወረደች። ጆሮ ሰላምታም ሳያስቀድም እሳቷ ዘግይቷል አላት። አዋላጇ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ እንዴት አወቁ አለችው። ሰማሁት አላት። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ጆሮዋን ሆድ ላይ አስደግፋ የኖረች ሴት ናትና አልሳቀችበትም።

በማግስቱ ግቢዋ ሄዶ አስተካከለላት። ሞተሩ ድምፁን ሲሰበስብ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ቀን በልቶ ጠገበ፣ እንቅልፉንም ተኛ፤ ሚስቱ ታሞ እንዳይሆን ብላ ግንባሩን ነካች።

አራተኛው ቀን ላይ ግን እጁን ይበላው ጀመር። በደንብ የተያዘች ፑንቲና ዓመት ሙሉ ሰው አትጠራም። ዓመት! ሳምንቱ ሳያልቅ «አንድ ነገር ላረጋግጥ» ብሎ ሄደ። አዋላጇ ልብስ ልታሰጣ ዞር ስትል ኮፈኑን አነሣ። የሚነካ ነገር አልነበረም። ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣና ፑንቲናዋን የያዘችውን ብሎን ሩብ ዙር አላላት። ሞተሩ በርገፈገፈ ቁጥር ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው። ያኔ ትጠራዋለች። ኮፈኑን ዘግቶ ሲወጣ ቻው ስትለው ዓይኗን አላየም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን ከፊተኛው ባሰ። ስልኩን በየደቂቃው ያያል፤ ሲጮኽ ይደነግጣል፣ ዝም ሲል ይበሳጫል። ሄጄ ላጥብቃት ብሎ ሁለት ጊዜ ጫማውን አሰረ፤ ሁለቴም በር ላይ ደርሶ ተመለሰ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አዋላጇ ደወለች። ድምጿ የደከመ ነበር። ሲደርስ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ተገፍታ ቆማለች። አዋላጇ ነገሩን ከሥሩ አወራችው። ጠዋት የጎረቤት ልጅ ምጥ ይዟት፣ ታክሲ ከመጠበቅ ብላ ወደ ሆስፒታል ይዛት ወጣች። ዳገቱ መካከል ላይ ሞተሩ ተንተባተበና ጠፋ። ቢያስነሡት እምቢ አለ። ውሃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ ሁለቱን ጋቢና አሳፈራቸው፤ ሕፃኑ ግን ለትንሽ ቀድሟቸው ሆስፒታሉ በር ላይ ተወለደ። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

«አርጅታለች፣ ጋሼ። እርስዎ የሚችሉትን አድርገዋል፤ እሸጣታለሁ» አለች።

ጆሮ ዝም ቢል የሚያውቅበት ፍጥረት የለም። መኪናዋ ትሸጣለች፣ ነገሩም ከብሎኑ ጋር ይሄዳል። ግቢውን አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፤ አዋላጇ ምን ሆነዋል እስክትለው።

«አላረጀችም፣ እትዬ። ብሎኗን ያላላሁት እኔ ነኝ።»

ለምን እንዳላላት ሲነግራት እንደ ልጅ ተንተባተበ። እጄ ሥራ ፈታ፣ ሌላ የምነካው መኪና የለኝም፣ መልሰው እንዲጠሩኝ ብዬ ነው አለ። ሲናገረው ምክንያቱ ለራሱም ቀለለበት፤ ለዚህ ነው እንግዲህ ሰው ዳገት ላይ የቀረው።

አዋላጇ ድምጿን ሳታነሣ፣ «እኔ አንዷ እናት ደግማ እንድትጠራኝ ብዬ የልጇን እትብት አላልቼ ባስር ምን ይሉኝ ነበር?» አለችው።

ይሂዱ አለችው፣ ሄደ።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። እሷም ለወትሮው የማትቆጥበውን ቀልድ ያን ቀን ቆጠበች። «መናገርህ ደግ ነው» ብቻ አለችው፤ ግን እራት ስታቀርብ አጠገቡ አልተቀመጠችም። ጆሮ ስድስት ቀን ግቢውን ዞረ። ካቻቢቴውን አውጥቶ ያይና መልሶ ሣጥን ውስጥ ይከትተዋል። በወለደችው ልጅ ቤት በኩል እንዳያልፍ መንገድ አጣመመ። አንድ ጠዋት ግን ጨክኖ በሯ ድረስ ሄደና ለልጅቷ እናት እውነቱን ተናገረ። እናትየዋ የልጅ ልጇን እንደታቀፈች ሰማችውና በሩን ዘጋችበት። ይገባኛል ብሎ ተመለሰ።

በሰባተኛው ቀን አዋላጇ ደወለች። ይምጡ፣ ግን ምንም እንዳይዙ አለችው።

ሲደርስ ኮፈኑ ተከፍቷል፤ አዋላጇ የድሮ የሥራ ጋዋኗን ለብሳ እጅጌዋን ሰብስባለች። «እጅዎን ወደ ኋላ ያድርጉ። እኔ እነካለሁ፣ እርስዎ ይነግሩኛል።»

ለጆሮ ከዚያ የከበደ ቅጣት አልነበረም። ጣቶቹን ከኋላው አቆላልፎ፣ ክዳኑን በምን እንደምትከፍት፣ ክፍተቱን በምን እንደምትለካ፣ ብሎኑን እስከምን እንደምታጠብቅ ነገራት። ስትሳሳት ትከሻው ወደ ፊት ይሄድና መልሶ ይይዘዋል። የእሷ እጅ ግን የሚቸኩል እጅ አልነበረም። ሞተሩ ተነሣ። ማከፋፈያዋን ስታዞር ጆሮ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ቀድማው ቆመች።

«እዚህ ጋ ትንፋሹ ተስተካከለ» አለች።

እውነቷን ነበር። እሱ ቢሆን ከዚያ ፀጉር ታህል ያስቀድመው ነበር። ተናገረ፤ አስቀደመችው። ከዚያ ዳገቱን አብረው ወጡ፤ እሷ ስትነዳ እሱ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ያዳምጣል። እላይ ሲደርሱ ደህና ነው አላት። ይቅር አልኩዎት አላለችውም፤ ቤቱ ድረስ ግን አደረሰችው።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ይሄድ ጀመር፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። ካንዴላ ማጽዳት አስተማራት፣ መኪናዋ ስትቆም ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ሚኒሞውን፣ መያዝ አስተማራት። አምስተኛው ጊዜ ላይ ሲደርስ ኮፈኑ ተዘግቶ አገኘው። ትናንት ድምፁ ሲለወጥባት ራሷ ከፍታ ራሷ አስተካክላዋለች። አስነሥታ አሰማችው። የሚታረም ነገር ፈልጎ አዳመጠ፤ አጣ።

«ጎበዝ ነዎት» አላት። ከልቡ ነው። ግን አረፍ ይበሉ ስትለው መቀመጥ አልቻለም፤ ሥራ አለኝ ብሎ ወጣ። ሥራ አልነበረውም። ዋናው መንገድ ላይ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በአጠገቡ ይሸሹ ነበር። መታጠፊያው ላይ ቆመና፣ የሚያለከልክ ሞተር ይሰማ እንደሆን ብሎ፣ ወደ ቤት የሚወስደውን ትቶ ረጅሙን መንገድ ያዘ።