ከቀኝ የቆጠርኩት ሞተር

ባሌ ቀኝ እጁን ሰብሮ በጅብስ የታሰረ ጊዜ በግራ እጄ አልበላም አለ። እኔም እንደ ሕፃን አጎርሰው ነበር። እሱ ኤደን ከየመናዊ አባትና ከኮምቦልቻ እናት ተወልዶ፣ እኔ ወሎ ውስጥ፣ ያደግነው በአንድ ሥርዓት ነው፦ ቤት ሲገባ በቀኝ እግር፣ ልብስ ሲለበስ ከቀኝ እጅ፣ ማንኛውም ነገር ሲጀመር በቀኝ። ይህ ሥርዓት መኪናችንን ሊያሳጣን ይችላል ብሎ የነገረን ሰው ግን አልነበረም።

መኪናዋ አሮጌ ታክሲ ናት። ኤደን አል-ሚምዳራ ሰፈር በተከራየናት ቤት አጥር ጥግ ትቆማለች፤ ቁራዎች ጣሪያዋን መቀመጫ አድርገውት ነበር። ለሌላው ሰው የዛገ ብረት ናት። እኔ ግን የሰው ቤት ሥራ የተውኩት እሷ ስላለች ነው። ከማግባቴ በፊት ስድስት ዓመት ኾርማክሰር ሰፈር አንድ የወደብ መሐንዲስ ቤት ሠርቻለሁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ቢሆንም ሰው ሲጠራ እየተነሱ፣ ሰው ሲተኛ እየተኙ መኖር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ወደዚያ ላልመለስ ለራሴ ምዬ ነበር።

የኤደን አየር ጨው ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ለሞተሩ እሳት የሚያደርሱት የካንዴላ ገመዶች የሚሰኩበት ክዳን ተሰንጥቆ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ትንተባተብ ጀመር። ከሸይኽ ዑስማን ገበያ አዲስ ክዳንና አዲስ ገመዶች ገዛን። ባሌ የመንዳት እንጂ የመጠገን ሰው አይደለም፤ ያም ሆኖ ሥራው ቀላል ነውና አንቺ ሥሪው፣ እኔ እነግርሻለሁ አለኝ። አንዱን ገመድ ንቀይ፣ አዲሱን በቦታው ስኪ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው እለፊ ብሎ አስጠነቀቀኝና ጫት ሊገዛ ጥግ ድረስ ሄደ።

እኔ ቤት ሳጸዳ መጀመሪያ ዕቃውን ሁሉ አወጣለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ እመልሳለሁ። ሞተሩንም እንደዚያው አደረግሁት። ባሌ ጫቱን ይዞ ሲመለስ ክዳኑም አራቱም ገመዶች ወጥተው፣ ሁሉም ነገር ተወልውሎ ጠበቀው። ፊቱ ተለዋወጠ። ደግነቱ የአሰካኩን ተራ በቃሉ ያውቃል፦ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት። አዲሱ ክዳን ላይ የአንድ ምልክት አለ፤ ከዚያ ተነስቶ መዞር ነው። ሞተሩ ላይ አራቱ ካንዴላዎች ተሰልፈዋል። በሹፌሩ በር በኩል ቆሜ ቢስሚላህ አልኩና አንድ ብዬ ከቀኜ ጀመርኩ። ባሌ እያየኝ ነበር፤ ምንም ስህተት አልታየውም።

ሞተሩ አልተነሳም። አሳለ፣ ተኮሰ፣ በአየር መግቢያው በኩል እሳት ተፋ። ቅንድቤ ተለበለበ። ተራውን ደግመን ቆጠርነው፣ ልክ ነው። አሥር ጊዜ ቆጠርነው፣ አሁንም ልክ ነው። በማግስቱ ባሌ አንድ መካኒክ ይዞ መጣ። ሰውየው አንድ ጊዜ አስነሳው አለና ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ፤ አንዲት ብሎን ሳይፈታ ሞተሩ ሞቷል፣ ውስጡ ተቃጥሏል ብሎ ፈረደ። ለመለዋወጫ እኔ ልግዛት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ገመድ ይዤ መጥቼ እጎትታታለሁ አለ። ባሌም እሺ አለው። ሳይከፍት የሚፈርድ ሰው ያናድደኛል፤ የዚያን ቀን ደሜ ፈልቶ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ለቀድሞዋ እመቤቴ ደወልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ነይ፣ ክፍልሽ እንዳለ ነው አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ዓርብ ባሌ ለጁምዓ ሄደ። እኔ ደግሞ ቆሽሻ ከደጄ እንዳትወጣ ብዬ ነጭ የሳህን ማድረቂያ ጨርቅ ይዤ መኪናዋን ልወለውል ወጣሁ። ጨርቁ እጄ ላይ እንዳለ መሐንዲሱ ትዝ አለኝ።

መሐንዲሱ ዓርብ ዓርብ መኪናውን ግቢ ውስጥ ራሱ ይጠግን ነበር። ሁልጊዜ የሚያበሽቀኝ አመል ነበረው፤ አጥቤ ያሰጣሁትን ጨርቅ ይነጥቅና ጠቅልሎ ካንዴላው በወጣበት ቀዳዳ ይወትፈዋል። ከዚያ ሞተሩን ከፊት በመፍቻ ቀስ እያደረገ ያዞራል። ከቀዳዳው ሥር ያለው ሲሊንደር አየሩን ሲያምቅ ጨርቁ ተፈናጥሮ ይወጣል። ይኼኔ ክዳኑን ከፍቶ፣ ውስጥ የምትዞረው ትንሽ ክንድ ወዴት እንደምታመለክት ያያል። እሳት አዳይዋ እሷ ናት፤ ማመልከት ያለባት አየሩን አምቆ ወደሚጠብቀው ሲሊንደር ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ዘይት የጠጣ ጨርቄን ልቀበል ቆሜ ስጠብቅ ያየሁት ነው።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ከሞተሩ ፊት ባለው ማራገቢያ በኩል ባለው ቀዳዳ ጨርቄን ወተፍኩና መፍቻውን በሁለት እጄ ይዤ አዞርኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጨርቁ ዘሎ ወጣና ደረቴን መታኝ። ክዳኑን አንስቼ ክንዷን አየኋት። የምታመለክተው ገመድ ጨርቁ ወደወጣበት ሲሊንደር አይሄድም፤ የሚሄደው ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ እኔ አንድ ብዬ ወደጀመርኩበት ነው።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሞተሩ የሚቆጠረው ከማራገቢያው በኩል ነበር፤ እኔ ለቆምኩበት ደግሞ ማራገቢያው በግራ ነው። ከቀኝ ስለጀመርኩ እሳቱን ሁሉ ላልተዘጋጀ ሲሊንደር ስሰጥ ኖሬአለሁ። ወላሂ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። የሞተ ሞተር አልነበረም። የዳርና የዳሩን ገመድ አቀያየርኩ፣ የመሃልና የመሃሉን አቀያየርኩ፣ ካንዴላዎቹን መልሼ አጠበቅሁ።

ባሌ ከመስጊድ ሲመለስ አስነሳት አልኩት። አታድክሚኝ፣ ያለቀ ነገር ነው አለኝ። አንዴ ብቻ ብዬ ለመንኩት። ግራ እጁን በመሪው ላይ አሻግሮ ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ አንዴ ተርገፍግፎ ተነሳ፤ ከገዛናት ጀምሮ እንደዚያ ተስተካክላ ስትሠራ ሰምቻት አላውቅም። ባሌ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ እያለ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። እኔ እዚያው ቆሜ እልል አልኩ፤ ጎረቤት ሠርግ የመሰለው ካለ አልተሳሳተም።

መካኒኩ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመጣ ሆን ብለን ሞተሩን አስነስተን ጠበቅነው።

"ና፣ አዳምጠው። በጆሮህ ብቻ ሞቷል ብለኸን አልነበር?" አልኩት።

ሰውየው ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

ለእመቤቴ በስልክ መንገር እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። ቅዳሜ ጠዋት በመኪናችን ኾርማክሰር ሄድን። ባሌ በግራ እጁ መሪውን ይዞ ፍሪሲዮን ሲረግጥ፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ማርሽ እቀይርለታለሁ። መሐንዲሱ በር ላይ ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ኮፈኑን አስከፈተንና ሞተሩን ጎንበስ ብሎ አየ።

"ማነው የሠራው?" ብሎ ባሌን ጠየቀው።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ማን አስተማረሽ?"

"እርስዎ። ጨርቄን እየነጠቁ።"

መሐንዲሱ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ስድስት ዓመት ቤቱ ኖሬ እንደዚያ ዓይኔን ያየበትን ቀን አላስታውስም። ከዚያ ኮፈኑን በቀስታ ዘጋና ማ ሻአ አላህ አለ። እመቤቴ መጥታ ዕቃሽ የታለ አለችኝ። ዕቃ እንዳልያዝኩ፣ ልሰናበታት ብቻ እንደመጣሁ ነገርኳት። ስማኝ በር ድረስ ሸኘችኝ።

መኪናው ውስጥ ገባሁ። ባሌ ፍሪሲዮኑን ረገጠ። እኔም ቢስሚላህ ብዬ በግራ እጄ ማርሽ አስገባሁ።