ቀይ ጨርቅ ያሰርኩበት ኩይሳ

ዛሬ ጠዋት በሰፈሬ በጊንጆ ጉዱሩ ራሴን መሳቂያ አደረግሁ። ወጣቶች ቦይ ሲጠርጉ አንዱ አካፋውን ከፍ ሲያደርግ አየሁና ከዘራዬን ጥዬ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። እጆቼን ዘርግቼ «አትምቱት፣ እንቁላል ይኖረው ይሆናል» አልኩ። የተከላከልኩለት ግማሹን ጭቃ የዋጠው የመኪና ጎማ ነበር። አካፋ የያዘው ልጅ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ ይሄ እንኳ መውለድ ካቆመ ቆይቷል» አለኝ።

ጥፋቱ የልጅ ልጄ ነው። ትናንት ከሰዓት ስለ ኮሞዶ የሚያወራ ፊልም አሳየችኝ፤ በሩቅ ደሴት የሚኖር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አጋዘን የሚጥል እንሽላሊት። ዘበኛ ተቀጥሮለት ይጠበቃል። እናቲቱ ወፎች በቆለሉት አፈር ውስጥ እንቁላሏን ትቀብራለች። ተራኪው ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

በደርግ ዘመን፣ ጢሜ ልብቀል አልብቀል እያለ ሲያመነታ፣ የቡ ከተማ አጠገብ ባለ ገበሬ ማኅበር የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። ከተማሪዎቼ ትልቁ አባ ቢያ ነበሩ፤ የቡና ችግኝ ጣቢያው ዘበኛ። ነጭ ጥምጥማቸው ከራሳቸው አይወርድም። እኔ ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ፣ እሳቸው በኮባ ቅጠል የጠቀለሉትን ትኩስ ጎደሬ በሚያቃጥል ዳጣ ያበሉኛል። ከሁለታችን ማን የበለጠ እንደተጠቀመ ሆዴ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ከችግኙ በታች ወዳለ ኩይሳ ወሰዱኝ። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። በመስከረም፣ አፈሩ ገና ሳይደርቅ፣ አርጃኖዋ፣ ያቺ ትልቅ የውኃ ዳር እንሽላሊት፣ ከወንዙ ወጥታ ጎኑን ቆፍራ እንቁላሏን ጥላ ሄዳለች።

«በሩን ምስጦቹ ራሳቸው ደፈኑላት» አሉኝ። «እስከ ዝናቡ ማንም አያገኘውም። ሰው ዶሮ ትሰርቃለች ብሎ ያማታል። ወላሂ፣ ችግኙን ከአይጥ የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ደሞዙን የምበላው እኔ ነኝ።»

ሌሎቹን አርጃኖዎች ቆዳ ነጋዴ ጨርሷቸዋል። እሳቸው የሚያውቋት የቀረችው ይህች አንዲት ብቻ ነበረች።

በየካቲት የምስጥ ዘመቻ ታወጀ። ምስጥ ጎተራውንም ቤቱንም እየበላ ስላስቸገረ፣ ኩይሳ ሁሉ ተቆፍሮ ንግሥቲቱ እንድትወጣ ተወሰነ። መጻፍ ስለምችል የዘመቻው ጸሐፊ ሆንኩ። ከስብሰባው ስንወጣ አባ ቢያ እጄን ያዙኝ። «ሜ ልጄ፣ እባክህ ያን አንዱን አስተርፍልኝ። አንተን ይሰሙሃል።»

እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት ቀላል ነው። ካድሬ ፊት ቆሞ ስለ አርጃኖ እንቁላል መማለድ ግን «ኋላ ቀር» ያሰኛል፤ ያኔ ስም ከወጣልህ ደግሞ አይለቅህም። ስለዚህ ብልህ ነኝ ብዬ መላ መታሁ። ከአብዮት በዓል የተረፈ ቀይ ጨርቅ ነበረኝ፤ ለማንም ሳልናገር ኩይሳው ላይ አሰርኩት። ቀይ ጨርቅ ማን ይደፍራል?

በማግስቱ ሰው ዶማውን ተሸክሞ በአቧራማው መንገድ መጣ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጨርቁን ከሩቅ አዩና ፊታቸው በራ። ዘመቻው የሚመረቅበት ኩይሳ መስሏቸዋል፤ ቀይ ጨርቅ የሚታሰረው ክቡር እንግዳ በሚመርቀው ነገር ላይ ነዋ። ወደ ካድሬው ዞረው ጸሐፊያችን ሁሉን አሰናድቷል ብለው አመሰገኑኝ። ካድሬው ዶማ ተቀበለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። «ቆይ» ለማለት የነበረችኝ ጊዜ ያቺው ነበረች፤ በጭብጨባ ጨረስኳት።

በሦስተኛው ምት ነጫጭ እንቁላሎች ተዘረገፉ። አንዳንዱ ተቀዶ ጅራት ያለው ነገር ሲንፈራገጥ ታየ። አንድ ሰው እባብ ነው አለ፣ አካፋዎች ወረዱበት። አባ ቢያ በሰዉ መሐል አልፈው ተንበረከኩ። ጥምጥማቸውን ፈቱ። ራሳቸውን ገልጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ትንሽ ነው፣ እንደ ሕፃን ራስ። የተረፉትን ስድስት እንቁላሎች በሻሹ ጠቀለሉ።

ሰዉ ወደሚቀጥለው ኩይሳ ሲያልፍ ቀረብ ብዬ፣ ከወንዙ ማዶ በዘመቻው ያልተያዘ ኩይሳ እንዳለ፣ እዚያ እንደምቀብራቸው ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ጨርቁን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለደግ ነው?»

«ለደግ ነው፣ አባ ቢያ።»

«እንግዲያው ከነጥምጥሜ ቅበራቸው፣ እንዳይቆረቁራቸው። ሲፈለፈሉ ጥምጥሜን ይዘህልኝ ና። ያኔ መትረፋቸውን አውቃለሁ።»

ጥቅሉን እንደ ስንቅ ትከሻዬ ላይ ወርውሬ ሮጥኩ፤ ቀበርኳቸው። ዝናቡ ሳይጀምር ወደ አጋሮ ተዛወርኩ። አጋሮ ሩቅ ሆኖ አይደለም። መንገዱ ጨቀየ፣ ሥራ በዛ እያልኩ ክረምቱን አሳለፍኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሻሹን ፈትቼ የሚጠብቀኝን ማየት ፈራሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሄድኩ። ከወንዙ ማዶ፣ እንቁላሎቹን የቀበርኩበት ኩይሳ የነበረበት ቦታ ቡና ተተክሎበታል፤ አባ ቢያም አርፈዋል። ልጃቸው ሻይ አቀረበችልኝ። በዚያ ወንዝ አርጃኖ ካየን ቆየን አለችኝ። ስለ አባቷ ስጠይቃት፣ አዲስ ጥምጥም ቢገዙላቸው እምቢ ብለው ባዶ ራሳቸውን እንደኖሩ አጫወተችኝ። «‹አለኝ እኮ፣ አስተማሪው ጋ ነው፣ ያመጣዋል› ይሉን ነበር» አለች። አስተማሪው እኔ መሆኔን አልነገርኳትም። ሻዩን ግን ጠጣሁ።

ትናንት ተራኪው የተናገረው ይህን ነው፦ የተቀበረ እንቁላል ወጥቶ ከተገላበጠ፣ ውስጡ ያለው ይሞታል። እኔ ደግሞ እንደ ስንቅ ወርውሬ ነው የሮጥኩት። ለዚህ ነው ዛሬ አርጃኖ መስሎኝ ለጎማ የጮህኩት፤ ጩኸቴ ዕድሜዬን ሙሉ ዘግይቶ ደረሰ።

ልጃቸው አለች፤ የቡም ቅርብ ነው። አምስት ክንድ ነጭ ሻሽ ዕዳ አለብኝ።