የዞረው መጸዳጃ ቤት

ወልድያ ያለውን ቤቴን ከመሠረቱ እስከ ቆርቆሮው የሠራሁት ራሴ ነኝ። ግንበኝነትን ማንም አላስተማረኝም፤ ሰው ሲሠራ ቆሜ አይቼ ነው የያዝኩት። መኪና መጠገኑንም እንዲሁ። ለጉራ አይደለም የምናገረው፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ከግቢዬ አንዷን ክፍል ለተማሪ አከራያለሁ። ባለፈው መስከረም ከሐብሩ አንድ ገበሬ ሴት ልጁን ይዞ መጣ። ልጅቷ እዚሁ ከተማ ኮሌጅ ገብታለች፤ ኮሌጁ ደግሞ ማደሪያ የለውም።

"ሃይማኖቷን የምትጠብቅበት ቤት ካላገኘሁ ይዣት እመለሳለሁ፤ ትምህርቱም ይቅር" አለኝ። ልጅቷ በገመድ የታሰረ ጓዟን በሩ ሥር አስቀምጣ፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

እኔ ክርስቲያን ብሆንም ሙስሊም ሲሰግድ የሚዞርበት ቂብላ ወዴት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። በሰሜን በኩል ያለውን መስኮት አሳየሁት። ከስግደት በፊት ለምትታጠበው ለውዱእ የሚሆነውንም ቧንቧ ከፍቼ አሳየሁት። ባለቤቴም የልጅቷ ድስት ከእኛ ድስት እንደማይቀላቀል ነገረችው። ፊቱ ፈታ አለ።

ከዚያ መጸዳጃ ቤቱን ሊያይ ገባ። ቆይቶ ሲወጣ መሬት መሬት ያያል።

"አንቱ ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። ግንቡ ሸጋ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"የእግር መርገጫው ግን ፊቱ ወደ ቂብላ ነው። እኛ ለመጸዳዳት ስንቀመጥ ወደዚያ ፊታችንንም ጀርባችንንም አንሰጥም።"

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። "ግንበኛው፣ ጉድ ሆንክ" አለችኝ።

"በሩን አስቤ ነው እንደዚያ የሠራሁት" አልኩ። ጥሩ ግንበኛ ሁልጊዜ በሩን ያስባል።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጓዟን አነሳች። ያንን አይቼ መቆም አልቻልኩም፤ መዶሻና መሮዬን አመጣሁ።

"ወደ ምሥራቅ አዞረዋለሁ" አልኩት።

ገበሬው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "ምሥራቅማ የእናንተ ነው፣ ጋሼ። እናንተ ስትጸልዩ ወደ ምሥራቅ አይደል የምትዞሩት?"

ቸኩዬ ነው እንጂ ይህ የሚጠፋኝ ነገር አይደለም። ወደ ምዕራብ እንዲሆን ተስማማን። ክርስቲያን ለምሥራቅ ጀርባውን ሰጥቶ ቢቀመጥ የሚከለክለው የለም። እኔ አሮጌውን መርገጫ ሰበርኩ፤ እሱ ሸሚዙን አውልቆ አሸዋ አመላለሰ።

"ውሃ አበዛህበት" አልኩት ሲሚንቶውን ሲያቦካ።

"የጭቃ ነገር ለገበሬ ይነገራል?"

"ይሄ ጭቃ አይደለም።"

"ሲደርቅ እናየዋለን" አለኝ። ቡኮው ልክ ነበር፤ አልነገርኩትም።

እስኪደርቅ ጎረቤት ቤት መጠቀም ነበረብን፤ እነሱም ሲስቁብን ሰነበቱ። ይሳቁ። ለሁለት ሃይማኖት ተለክቶ የተሠራ መጸዳጃ ቤት በወልድያ ካለ፣ ባለቤቱ ይምጣና ያሳየኝ።

ያን ዕለት ሥራውን ጨርሰን እጃችንን ስንታጠብ ልጅቷ ከክፍሉ ብቅ አለች። የጓዟ ገመድ ተፈትቶ እጇ ላይ ተጠቅልሏል።

"አባባ፣ አልጋዬን በየት በኩል ላድርገው?" አለችኝ።

"ከመስኮቱ ራቅ አድርጊው" አልኳት። "መስገጃሽ ቦታ ይፈልጋል።"

አባቷ ይህን ሰማና ሸሚዙን ለበሰ። ወደ ሐብሩ፣ መርሳ የሚሄደው ሚኒባስ ሳያመልጠው ብቻውን ወጣ።