የቆዳ ፋብሪካው ጎርፍ

ባለፈው ሳምንት ከጎብዬ ወደ ቆቦ በሚኒባስ ስመለስ የዘንድሮው ክረምት የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘን። ዘግይቶ ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ ደስ አለው። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት «አልሐምዱሊላህ!» ብለው መስኮት ከፈቱና የረጠበ አፈር ሽታ ገባ። ሹፌሩም ፍጥነቱን ቀንሶ በመንገዱ ዳር የሚወርደውን ድፍርስ ጎርፍ አሳየን። እኔ ግን የክረምት መግቢያ ጎርፍ ባየሁ ቁጥር ገበሬው ጋሽ ይመር ፊቴ ላይ ድቅን ይሉብኛል።

እሳቸውን ባወቅኩበት ጊዜ ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር፤ በወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኛ ነበርኩ። ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ነበር። ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ፣ የተፋቀ ጸጉርና የኬሚካል ዝቃጭ ግቢው ውስጥ ሜዳ ላይ ተቆልሎ በጋውን ይከርማል። ዝናብ ሲመጣ ያ ሁሉ ታጥቦ ከአጥሩ ሥር በወጣ ቱቦ ወደ ገበሬዎቹ ቦይ ይወርዳል። የእኔ ሥራ ደመና ሲጠቁር ወደዚያ መሮጥና ውሃው መፍሰስ እንደጀመረ ናሙና መቅዳት ነበር። ከዘገየሁ ክፉው ውሃ አልፎ ቀለል ያለው ብቻ ይቀራል። በዚያ ሰሞን ምሳዬን ተረጋግቼ በልቼ አላውቅም፤ በለስ ሻጮቹ ጋ ቆሜ አስልጬ እየጎረስኩ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። እናቴ «የሰው ልጅ ለሰርግ ይቸኩላል፣ የኔዋ ለቆሻሻ ውሃ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር በጋሪ ደረስኩ። በረጅም እንጨት ጫፍ ያሰርኩትን ጠርሙስ ቱቦው አፍ ላይ ደቀንኩ። ውሃው ግራጫ ሆኖ አረፋ ይደፍቃል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ጠርሙሱን ከድኜ በረዶ ያለበት ሣጥን ውስጥ ሳስቀምጥ ጋሽ ይመር ሁለቱን በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ። ማሳቸው ከፋብሪካው ግርጌ ነው፤ ማሽላ ለመዝራት ይህንኑ ዝናብ ሲጠብቁ ነበር የከረሙት። የጎረቤት ከብቶችም ተከትለዋቸዋል።

«ጋሽ ይመር፣ ከዚህ እንዳያጠጡ!» ብዬ ጮህኩ።

ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ፈገግ አሉ። «ጨው ነው እኮ ልጄ! ከአፋር በግመል የሚመጣውን እየገዛን ከብት ስናልስ ኖረን፣ ዛሬ አላህ በጎርፍ ቢሰድልን እምቢ ልበል?»

«ጨው ብቻ አይደለም፣ መርዝ አለበት!»

«በምን አወቅሽ?»

የታቀፍኩት ጠርሙስ ገና አልተመረመረም። «ውጤቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ይታወቃል» አልኳቸው።

«እንግዲያ ሲመጣ ትነግሪኛለሽ። አብሽሪ።»

እጄን ዘርግቼ በሬዎቹን ለመመለስ ሞከርኩ። በጋው ያደረቃቸው ከብቶች ጨው ሸቷቸው ማን ይመልሳቸዋል? ገፍተውኝ አለፉ። ቦዩ ላይ ተደፍተው ሲምጉ የነበረው ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል።

አንደኛው በሬ በማግስቱ ሞተ። ሁለተኛው ሲያጣጥር ጎረቤቶች ቢላ ይዘው መጡ፤ በአገራችን ወግ እንዲህ ያለው በሬ ሳይሞት ታርዶ ጎረቤት ሥጋውን ይካፈልና ባለቤቱን በዋጋው ይደግፋል። ሥጋውን እንዳይቀምሱ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኩ። ይህን ጊዜ አመኑኝ። ጋሽ ይመር በሬያቸውን በገዛ እጃቸው ቀበሩት። የጎረቤቶቹም ከብቶች አልቀው ስለነበር በሬ የሚያውሳቸው አልተገኘም፤ ያ ሁሉ ዝናብ እየዘነበ ማሳቸው ጦም አደረ።

ውጤቱ የመጣው ወዲያ ማዶ የሌላው ሰው ማሽላ ጉልበት ከደረሰ በኋላ ነው። ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

«መጣ?» አሉኝ።

«መጣ፣ ጋሽ ይመር። ውሃው ለከብት አይሆንም ይላል።»

ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩና «ጎሽ ልጄ፣ እነግርዎታለሁ ብለሽ አልቀረሽም» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፋብሪካው ቱቦውን እንዲደፍን ተነገረው፤ አልደፈነም። በተከታዩ ክረምት ጠርሙሴን ይዤ ስሮጥ፣ የዘበኛ ካፖርት የለበሰ ሰው ዝናብ እየደበደበው ከብቶችን ከቦዩ በዱላ ሲመልስ አየሁ። ጋሽ ይመር ናቸው። መሬታቸውን ለሌላ ገበሬ ለእኩል እርሻ ሰጥተው እዚያው ፋብሪካ ተቀጥረዋል። የተቀጠሩት በር ሊጠብቁ ነው፤ ዝናብ ሲጀምር ግን በሩን ጥለው ወደ ቦዩ ይሮጣሉ። በዚሁ ሰበብ ተባረሩ። ከተባረሩም በኋላ ደመና ሲጠቁር ዱላቸውን ይዘው ከቤታቸው ይመጡ ነበር።

ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም፤ ፋብሪካውም ተዘግቷል። እኔ ፀጉሬ ሸብቶ አሁንም በዚያው ሥራ ላይ ነኝ። ሥራዬን አልንቅም፤ ማስረጃ ከሌለ ማንም ሰሚ የለም። ግን ያናድደኛል፣ ያንገበግበኛልም። በእነዚያ ክረምቶች ብዙ ጠርሙስ ሞልቼ ልኬአለሁ፤ አንዱም ቢሆን አንዲት ጥጃ ከዚያ ቦይ አልመለሰም። የመለሱት በሬ ያልቀረላቸው ጋሽ ይመር ናቸው፤ ያውም የሰው ከብት።