ዝቅ ያለው ሰማያዊ መብራት

ሆስፒታሉ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ምናልባት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «አባ መብራት» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ መሰላል ተሸክሞ ከክፍል ክፍል ሲዞር የኖረ፣ አምፖል በተቃጠለ ቁጥር የሚጠራ ሰው ነው። ቀልድም አያልቅበትም። «ዶክተሮቹ ሰው ያድናሉ፤ እኔ ደግሞ ዶክተሮቹን ከጨለማ አድናለሁ» ይላል። ነርሶቹ ይስቁለታል፣ እሱም ደረቱን ይነፋል። እንግዲህ ሰው በሙያው ቢኮራ ምን ነውር አለው?

አራስ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ሰማያዊ ፍሎረሰንት የተገጠመላቸው አልጋዎች አሉ። የወፍ በሽታ ይዟቸው ቢጫ የሆኑ ጨቅላዎች፣ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ ራቁታቸውን ከሥሩ ይተኛሉ። ብርሃኑ ቆዳቸው ላይ ሲያርፍ ያ ቢጫ ነገር እየተለወጠ ከሰውነታቸው ይወጣል። ታዲያ አምፖሎቹ ቶሎ ቶሎ ይቃጠሉ ነበር፤ ምትክ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ነርሶቹም «ኧረ አባ መብራት፣ ይሄ ሰማያዊ ነገር ራሳችንን ሊፈልጠው ነው! ያቅለሸልሸናል እኮ» እያሉ ያማርሩበታል።

አባ መብራት አሰበበት። ለአምፖሎቹ ኃይል የሚሰጣቸው ባላስት የድሮው ከባድ ብረት ሳይሆን ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ በካቻቢቴ ሲያዞሯት ኃይሉ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ጀማሪ ቢሆን ኖሮ ለተራ አምፖል የሚሆን ማደብዘዣ መስመሩ ላይ ይቀጥል ነበር፤ ያን ጊዜ ፍሎረሰንቱ ይርገበገባል፣ ጫፍና ጫፉ ይጠቁራል፣ ይሞታል። እሱ ግን የጫፎቹ ሽቦ እንደጋለ እንዲቆይ አድርጎ ብርሃኑን ቀስ እያለ ዝቅ አደረገው። ከዚያ ቆሞ አየው። ያው ነው! ሰማያዊ ነው፣ ደማቅ ነው፣ አይርገበገብም። ነርሶቹን ጠርቶ «ልዩነት ይታያችኋል?» አላቸው።

«ኧረ ምንም! እንዲያውም ዓይናችን ዐረፈ፤ እጅዎ ይባረክ» አሉት።

ለሐኪሞቹ መንገር ትዝም አላለው። ዓይን ያላየውን ልዩነት ምን ብሎ ይነግራቸዋል? የብርሃን መለኪያው እንደሆነ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። አምፖሎቹ መቃጠል ተዉ፣ አባ መብራትም ተመሰገነ።

ወራት አልፈው ሴት ልጁ እዚያው ወለደች። ስንት ጊዜ አስወርዷት፣ ስንት አልቅሳ ያገኘቻት ሕፃን ናት። ብዙም ሳይቆይ ሕፃኗ ቢጫ ሆነች፤ ሐኪሟም መብራት ሥር ትግባ ብላ አዘዘች። እናቷ ስትርበተበት አባ መብራት ዕቅፍ አድርጎ «አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ይሄ እኮ የአባትሽ መብራት ነው። በእጄ ነው ያበጀሁት» አላት።

ሕፃኗ ግን አልተሻላትም። ደሟ በተመረመረ ቁጥር ቢጫው ጨምሮ ይገኛል። ማልቀሷ ቀረ፤ ጡት ሊያጠቧት ሲያነሷት አንገቷ ይዝላል። እናቷ እንባዋ አልቆ ዓይኗን መስታወቱ ላይ ተክላ ቀረች። አባ መብራት ኮሪደሩ ላይ ይመላለሳል፤ ሥራ መያዝ አቃተው፣ መቀመጥም አልሆነለትም። «ፈጣሪዬ፣ እኔን ያረጀሁትን ውሰድና እሷን ተዋት» ይላል።

ሐኪሟ መጥታ በቀስታ ነገረችው። «አባባ፣ ቢጫው አንጎሏን ከጎዳ መመለሻ የለውም። ዛሬ ካልወረደ ደሟ መለወጥ አለበት። እሱ ደግሞ እዚህ አይሠራም፤ እስከ ትልቁ ሆስፒታል መንገዱን መቻሏንም እንጃ።»

የክፍሉ አለቃ ነርስ ራሷን ነቀነቀች። «ምን እንደነካን አላውቅም። ድሮ በዚህ መብራት ቶሎ ይድኑ ነበር፤ አሁን አሁን ስንቱን ነው ወደ ትልቁ ሆስፒታል የላክነው! አምፖሉ አርጅቶ ይሆን?»

«አዲስ ነው» አለ አባ መብራት። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሰማይ ምድሩ ዞረበት።

ዓይን እኮ ብርሃን ሲቀንስበት ብሌኑን ከፍቶ ያንኑ አስመስሎ ያሳያል። ይህንን ማንም የመብራት ሠራተኛ ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ ስንቱን አዲስ ሠራተኛ «በዓይንህ አትለካ!» ብሎ ተቆጥቷል። የሕፃን ቆዳ ግን ብሌን የለውም፤ የደረሰውን ያህል ብቻ ነው የሚቀበለው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? አምፖል አተርፋለሁ ብሎ የልጁን ልጅ ሊገድል ነው።

ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ወደ አልጋው ሮጠ።

«ምን ሆኑ አባ መብራት?» አለች አለቃ ነርሷ።

«እኔ ነኝ! ዝቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እንዳይቃጠል ብዬ፣ እናንተንም ራሳችሁን እንዳያማችሁ ብዬ... ኧረ በፈጠራችሁ አሳልፉኝ!»

ባላስቱን ከፍቶ ማስተካከያዋን እስከ መጨረሻው አዞራት። ነርሶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ሐኪሟ ለቁጣ ጊዜ አልነበራትም፤ «የቀሩትንም አልጋዎች! ቶሎ!» ብቻ አለች። ሁሉንም ጨርሶ ግድግዳ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ሴት ልጁ ሁሉንም ሰምታለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሕፃኗ የደም ውጤት መጣ። ወርዷል! ጥቂት ቆይቶም ሕፃኗ በቀጭን ድምፅ አለቀሰች። ሐኪሟ «ቢጫው ጆሮዋን ጎድቶት እንደሆነ ገና እናያለን፤ ግን ትተርፋለች» አለች።

አባ መብራት እንደ ምንም ተነስቶ ወደ ልጁ ተጠጋ። «ይቅር በይኝ የኔ ልጅ።»

«እኔስ ልጄን አገኘኋት አባዬ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው። «የነዚያ የተላኩት ልጆች እናቶችስ? ለእነሱ ማን ይነግራቸዋል?»

አባ መብራት ወደ አለቃ ነርሷ ዞረ። እሷም መሬት መሬት እያየች «የብዙዎቹን አላውቅም» አለች። «አንዷ ግን እዚሁ ታች፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው የምትሠራው። ልጇ መንገድ ላይ ነው ያረፈባት።»

ደረጃውን ግድግዳ ግድግዳ እየያዘ ወረደ። ሴትዮዋ አንሶላ ስታጥፍ አገኛት። ገና በሩ ላይ ስታየው አንሶላውን ጥላ ሮጣ መጣችና ሁለት እጁን ያዘችው።

«አባ መብራት! የልጅ ልጅዎ እንዴት ሆነችልዎ? መታመሟን ከሰማሁ ጀምሮ ስጸልይላት ነው የዋልኩት። እባክዎ ተሻላት ይበሉኝ!»