ሩብ ዐሥር

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ሮዝቪታ ሳትጠረጥር የዋለችበት ቀን የለም። ምን ታድርግ! የኖረችበት የምሥራቅ ጀርመን የሳክሶኒ መንደር፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ወሬ ለመንግሥት የሚያቀብልበት አገር ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ካልሲ ፋብሪካ ሠርታለች፤ እዚያም ወሬ ሲጀመር ማሽኗ ላይ አቀርቅራ ዝም ነው። ጎረቤቷ ጊዘላ ስልክ ሲገባላት እንኳ፣ "ለሰው ያልደረሰ ስልክ ለእሷ በምን ደረሳት?" እያለች በልቧ ስትብሰለሰል ኖራለች።

የበርሊኑ ግንብ ፈርሶ ሁለቱ ጀርመኖች አንድ በሆኑበት መከር፣ ያችው ጊዘላ ከአጥሩ ማዶ ጠራቻት። "ነይ ቶሎ፣ ወንድምሽ ነኝ የሚል ሰው ስልክ ላይ አለ።"

ወንድሟ ሎታር ግንቡ ሳይሠራ በፊት፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ በበርሊን በኩል ወደ ምዕራብ ሾልኮ ወሬው የጠፋ ሰው ነው። ለእናታቸው ቀብር እንኳ አልመጣም። የወላጆቻቸውን ቤት ጣራውን እያስጠገነች፣ ከሰሉን እየተሸከመች ያቆየችው እሷ ናት። አሁን ደግሞ ከምዕራብ የሚመጣው ሁሉ ወይ ምንጣፍ ሻጭ ነው፣ ወይ "ይህ ቤት የአባቴ ነው" ባይ።

"ሮዚ፣ እኔ ነኝ" አለ ሰውዬው። አነጋገሩ የሬዲዮ ነው፤ የአገር ቤት ለዛ ጠብ አይልለትም።

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"ሎታር ነኛ። ደግሞ አንቱ ትይኝ ጀመር?"

አጭበርባሪ በሆነልኝ ብላ ተመኘች። አጭበርባሪ ከሆነ በሩን ትዘጋበታለች፣ ቤቱም ቤቷ ነው። ወንድሟ ከሆነ ግን ግማሹ የእሱ ነው። ወዲያው ወጥመድ መጣላት።

"እሑድ ከሰዓት፣ ሩብ ዐሥር ላይ ይምጡ" አለችው።

በሳክሶኒ ሩብ ዐሥር ማለት ዘጠኝ ከሩብ ነው፤ ወደ ዐሥር የሚሄደው ሰዓት ሩቡን ጨረሰ ለማለት ነው። የምዕራቡ፣ የራይን ወንዝ ሰው ግን ዐሥር ከሩብ መስሎት ቁጭ ይላል። ሲዘገይ እይዘዋለሁ አለች በልቧ።

"እሺ፣ ሩብ ዐሥር" አለና ስልኩን ዘጋ።

እሑድ የፕሪም ኬክ ጋገረች። ለማን እንደጋገረችው ለራሷም አልገባትም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መስኮቱ ሥር ቆመች፤ ጊዘላም በበኩሏ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ታያለች። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሩቡን እንደመታ በሩ ተንኳኳ።

ወይ ጉድ፣ እሱ ነው። መጀመሪያ ደስ አላት፣ ወዲያው ከፋት፤ ወንድሟ ተገኘ፣ ቤቷ ሄደ።

ደጁ ላይ የቆመው መላጣ ሰውዬ አገጩ ቁርጥ የአባቷን ነው። አልሳመችውም።

"ለቤቱ ነው የመጣኸው?" አለችው። አንተ ማለቷን እንኳ ልብ አላለችም።

"ለቤቱ ነው" አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "ሚስቴ ጠበቃ ይዛ መጥታለች።"

"ታዲያ የታሉ?"

"ሆቴል ናቸው። ሩብ ዐሥር ማለት ዐሥር ከሩብ ነው ብለው ድርቅ አሉ። እኔም አላረምኳቸው።" ገባና በሩን ራሱ ከኋላው ዘጋው። "አንድ ሰዓት አለን ሮዚ። የሚያመጡትን ወረቀት እንዳትፈርሚ። እነሱ ፊት እኔ ራሴ ብለምንሽ እንኳ እንዳትፈርሚ።"