ኤላው ውስጥ ዘፈኑን ያስቆምኩት እኔ ነኝ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አብረው ከሚሠሩ ሰዎች መካከል አንዱን «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ከቦታው አንስታችሁት ታውቃላችሁ? ካነሳችሁት በኋላስ እሱ ይዞት የነበረው ነገር ሁሉ ዓይናችሁ እያየ ሲናድ ደርሶባችኋል? በእኔ ደርሷል። ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሲናድ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይቺን እዘላታለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ፣ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ።

መምህር ነኝና ነገርን ከሥሩ ካላስረዳሁ አይሆንልኝም። ስለዚህ ከጨዋታው ልጀምር። ጨዋታ ስል የኮምፒውተር ጨዋታ ማለቴ ነው። ሳቅ ከመጣባችሁ ሳቁ፤ እኔ ግን ጥፋቴን የተማርኩት እዚያ ነው።

ነጌሌ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ጃተኒ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ቤተሰቦቹ ከከተማው ርቀው ከብት የሚያረቡ ቦረናዎች ናቸው፤ እሱ ለትምህርት ብሎ አጎቱ ዘንድ ይኖር ነበር። የእኔ አባት ደግሞ በሥራ ዝውውር ከሰሜን መጥቶ እዚያው የቀረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የጃተኒ አጎት በስልክ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ነበረው። ለሱቁ የገዛው ያገለገለ ኮምፒውተር ሲመጣ ውስጡ አንድ የቆየ ጨዋታ ተጭኖበት አገኘን። መብራት ካለና ደንበኛ ከሌለ አጎትየው አይከለክለንም ነበር።

በዚያ ጨዋታ የምታዙት አንድን ጀግና ብቻ አይደለም። ስድስት መንገደኞች አብረው ይጓዛሉ፤ ሁሉንም የምታዙት እናንተ ናችሁ። ብረት ለባሽ ተዋጊዎች አሉ። ቁስል የምታድን ሴት አለች፤ አስማተኛ አለ፤ ቁልፍ የሚሰብር ሌባም አለ። ጦርነቱ ሲጦፍባችሁ የኪቦርዱን ረጅም ቁልፍ በአውራ ጣታችሁ ትጫናላችሁ፤ ዓለም ባለበት ይቆማል። ያኔ ተረጋግታችሁ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ትሰጣላችሁ። ብረት ለባሾቹን ጠባብ በር ላይ ታቆማላችሁ፤ ጠላት እንደ ልቡ እንዳይገባ። አስማተኛው ድግምቱን እስኪጨርስ ጊዜ ይፈልጋልና ከኋላ ትሸሽጉታላችሁ። እኔ ይህን እንዴት እንደወደድኩት! ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ሲይዝ ማየት ከምግብ ይልቅ ያጠግበኝ ነበር።

ስድስተኛው ዘፋኝ ነው። ክራር የሚመስል ነገር አንግቦ ከሁሉም ኋላ ይቆማል። እሱ ሲዘፍን የጓደኞቹ ልብ ይጠናል፤ ፍርሃት አይበትናቸውም። እሱ ራሱ ግን ዘፈኑን ካላቆመ ቀስት መወርወር አይችልም።

«ቁጭ ብሎ ከመብላት ሌላ ምን ይሠራል?» እለዋለሁ ጃተኒን።

«እሱ ባይኖር እነዚያ ብረት ለባሾችህ ሱሪያቸውን ያረጥቡ ነበር» ይለኛል።

ጃተኒ ጨዋታውን የሚጫወተው በጆሮው ነበር። ጨዋታው የራሱ ሙዚቃ አለው፤ በከተማ ውስጥ ዋሽንት፣ በጫካ ውስጥ ቀስ ያለ የክር ድምፅ። ጠላት ሊመጣ ሲል ግን፣ ገና በስክሪኑ ላይ ምንም ሳይታይ፣ ከሥር ከበሮ ይጀምራል። ጃተኒ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለደንበኛ ዘፈን እየጫነ፣ «አውጣ! ሰይፍ አውጣ!» ብሎ ይጮኽብኛል። ደንበኛው ደንግጦ ወደ በሩ ሲያይ እሱ በሳቅ ይሞታል። እኔስ? እኔ ኮምፒውተሩ አርጅቶ ሙዚቃው ሲከፈት ስለሚንተባተብ ድምፁን እዘጋው ነበር። ጃተኒ ይከፍታል፣ እኔ እዘጋለሁ። «ደንቆሮ የጦር መሪ» የሚል ስም ያወጣልኝ ለዚህ ነው።

አንድ ዋሻ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያሸንፈን ግዙፍ ፍጡር ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጃተኒ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ እኔ ዘፋኙን አስቆምኩት። ክራሩን አስቀምጬ ቀስት አስያዝኩት፤ ከሌሎቹ ጋር በሰልፍ አቆምኩት። አሸነፍኩ! ጃተኒ ሲመለስ ወንበር ላይ ቆሜ ነበር። ያን ቀን ትልቅ ትምህርት የተማርኩ መሰለኝ፤ ዘፈን ጌጥ ነው፣ ሥራ እጅ ነው አልኩ። በድል የተማሩት ስህተት ከሁሉም የከፋ እንደሆነ ማን ይንገረኝ?

በዚያው ዓመት በጋው ከረረ። የጃተኒ ቤተሰቦች ከብት የሚያጠጡት ከኤላ ነው። ኤላ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ ከታች እስከ ላይ በግድግዳው ላይ መቆሚያ መቆሚያ አለው። ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው በየመቆሚያው ይቆማሉ፤ ሙሉው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ባዶው በዚያው ልክ ይወርዳል። ሲሠሩ ይዘፍናሉ። በዚያ ቤተሰብ ዘንድ አንዱ መሐል ላይ፣ ሰፋ ያለው መቆሚያ ዳር ሆኖ ድምፁ ላይም ታችም እንዲሰማ ያወጣል፤ ሌላው ይቀበላል። አውጪው ጃተኒ ነበር። ድምፁ ያን ጉድጓድ ሲሞላው ከብቶቹ እንኳ ከላይ ሆነው ጆሯቸውን ያቆሙ ነበር።

ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ልረዳቸው አብሬው ሄድኩ። እንግዳው ነበርኩ፤ ይህን ቃል ያዙልኝ።

የዚያን ቀን ሁለት ጎረምሶች ታመው ቀርተው ሰልፉ ሳስቷል። የኤላውን ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ፣ አባ ሄሬጋ የሚባሉት፣ የሌላ ቤተሰብ ከብት እየደረሰ ነውና ፍጠኑ አሉ። ገንዳው አልሞላ አለ። ጥማት ያናወዛቸው ላሞች እየተጋፉ ይጮኻሉ። እኔ እላይ አፋፉ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ምን አየሁ መሰላችሁ? ስድስቱን መንገደኞች አየሁ። ሁሉም ይሠራል፤ አንዱ ዳር ቆሞ ይዘፍናል!

ወረድኩና ጃተኒን ያዝኩት። ዘፈኑን ተውና ሰልፍ ግባ፣ ከታላቅ ወንድምህ ከቦሩ በላይ ያለው ቦታ ሰፍቷል፣ እኔ ከላይ ሆኜ እቆጥርላችኋለሁ አልኩት።

«እብድ ነህ? ይሄ የሱቁ ጨዋታ አይደለም» አለኝ።

«ዋሻውን ረሳኸው? እጅ ነው የጎደላችሁ!» አልኩት። ላሞቹ እየጮኹ ነበር። ጃተኒ ወደ ላሞቹ ቀና አለ፣ እኔን አየኝ፣ ዘፈኑንም አቆመ። ስላመነኝ አቆመ። እኔ ስላልኩት አቆመ።

አፋፉ ላይ ወጥቼ «አንድ! ሁለት! አንድ! ሁለት!» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ፈጠነ። ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይፍረድብኝ፣ ደስ አለኝ። ግን የእኔ ድምፅ ከአፋፉ ሲወርድ ግድግዳው ይመልሰዋል፤ ሥሩ ሲደርስ አንዱ ከሁለቱ ተደባልቋል። እነሱ ደግሞ ባልዲውን በዓይን አይቀበሉም። በዘፈኑ ነው የሚቀበሉት፤ እጅ የሚዘረጋው ቃሉ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ነው። ቦሩ ሙሉውን ባልዲ ወደ ላይ ወረወረ። የጃተኒ እጅ በዚያች ቅጽበት ባዶውን ለማውረድ ወደ ሌላ ዞሮ ነበር። ባልዲው ተመልሶ ቦሩ ላይ ወረደ። ቦሩ ከመቆሚያው ተንሸራቶ ወደ ሥር ወደቀ። ጭኑ ሲሰበር ድምፁ እኔ ድረስ መጣ፤ ዘፈን አልነበረምና ሁሉም ነገር ይሰማ ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያች ቅጽበት እርጥቡን አፈር ይዤ ተንበርክኬ ነበር። አውራ ጣቴ ጭቃውን ደጋግሞ ይጫን ነበር። ረጅሙን ቁልፍ ይፈልግ ነበር።

ከዚያ ሮጥኩ። አስፋልቱ ድረስ ሮጬ መኪና አስቆምኩ፤ ቦሩን ሆስፒታል አደረስን። ለዚህ ሩጫ እስከ ዛሬ እመሰገናለሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ተቀመጡ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘፈኑን ማን አቆመው? እኔና ጃተኒ የተነጋገርነውን በተቀባዮቹ ዘፈን መሐል ማንም አልሰማም፤ ቆጠራዬም ዘፈኑ ሲቆም ልረዳ የገባሁበት መስሏቸው ነበር። ጃተኒ ወደ እኔ አየ። ለመክሰስ አልነበረም፤ እንድናገር ቦታ ሲለቅልኝ ነበር። እኔ ጫማዬን አየሁ። እሱም፣ «እኔ ነኝ። ደከመኝና አቆምኩ» አለ። ለምን? እንግዳው ነበርኩና። እንግዳ አምጥቶ በሽማግሌ ፊት ማሳጣት በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። እሱ የአገሩን ወግ ጠበቀ፤ እኔ የእሱን ወግ ለመሸሸጊያ ተጠቀምኩበት። አፌን ለመክፈት ምን ይፈጅብኝ ነበር? አንድ ቃል። «እኔ» የምትል ቃል። ዛሬ በየመስመሩ የምጽፋት ቃል ያን ቀን ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረች።

ጃተኒ በዚያ ኤላ ዘፈን እንዳያወጣ ተባለ። ያ አልከበደውም። የከበደው የቦሩ ነው። ወንድሙ ሆስፒታል ሊጠይቀው ሲገባ ቦሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጃተኒ «አካም»፣ እንዴት ነህ፣ ሲለው «ናጋ»፣ ሰላም፣ አላለውም። የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ እዚያ አገር ሰላምታ ዝም ብሎ የአፍ ነገር አይደለም፤ ናጋን መከልከል ሰላምን መንሣት ነው፣ ወንድምነትን መንሣት ነው። ጃተኒ ትምህርቱን ትቶ ወርቅ ሊቆፍር ሻኪሶ ሄደ። ቦሩ እግሩ አጥሮ ቀረ፤ ከከብቱ ጋር ሩቅ መሄድ ስላልቻለ ከተማ ገባ። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም።

እኔ ተማርኩ፤ ተመረቅሁ፤ ነጌሌ ተመለስኩ። የቦሩ ሴት ልጅ ክፍሌ ውስጥ ናት። የቡድን ሥራ ጥቅምን ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሣልኩ አስተምራታለሁ፤ ልጅቱ ከሁሉም ቀድማ እጇን ታወጣለች። በወላጆች ቀን ቦሩ በከዘራ እየተደገፈ መጣ።

«አካም፣ መምህር? ናጋ?» አለኝ።

ለእኔ ናጋ አለኝ! ለወንድሙ የነሣውን ለእኔ ሰጠኝ።

«አንቱ ባይሮጡልኝ ይሄ እግር ተቆርጦ ነበር» አለ። «የእናቴ ልጅ መዝፈን ደከመው፤ የሰው ልጅ ግን ሮጠልኝ። ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ።»

እጁን ያዝኩ። አሜን አልኩ። ያ «አሜን» ከዝምታዬ የባሰ ነው፤ ዝምታው የልጅ ነበር፣ አሜኑ ግን የጎልማሳ ነው።

በቅርቡ ጃተኒ ደወለ። መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ የወርቅ ጉድጓዱ አቧራ ድምፁን በልቶታል፤ ሲናገር እንደ ተሰነጠቀ ቅል ይንሿሿል።

«ደንቆሮ የጦር መሪ!» አለኝ፤ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «ያ ጨዋታ አሁንም አለ?»

«አለ» አልኩት። ከአጎቱ ሱቅ ኮምፒውተር እንዳለ ገልብጬ ላፕቶፔ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

«ዘፋኙን ክራሩን መለስክለት?»

«መለስኩለት።»

ውሸቴን ነበር። ከኤላው ቀን ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። ጃተኒ ስለ ኤላው አንዲት ቃል አላነሳም። ሊዘጋ ሲል ብቻ፣ «ቦሩ ደህና ነው? ስለ እኔ ያነሳል?» አለኝ። ምን ልበለው? «ያነሳል» አልኩት። ይህስ እውነት ነበር።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጨዋታውን ከፈትኩት። ስድስቱ ዋሻው ደጃፍ ላይ እንደተውኳቸው ቆመዋል፤ ዘፋኙ ቀስት ይዟል። ክራሩን መለስኩለት፤ ሙዚቃውንም ከፈትኩ። ወዲያው ከበሮው ከሥር ጀመረ። ጠላት ገና አይታይም። ድምፁን መዝጋት አልቻልኩም፤ መስማትም አልቻልኩም። ላፕቶፑን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ይህን ጽሑፍ በልጅቱ እጅ ለቦሩ ልልክለት አስቤ ነበር። እዩ ፈሪነቴን! አሁንም ሌላ ሰው እንዲሸከምልኝ ነው የምፈልገው። አይሆንም። ቤቱ ሄጄ፣ «ዘፈኑን ያስቆምኩት እኔ ነኝ» እለዋለሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም። ላሞቹ ይጮኹ ነበር አልልም። መልካም አስቤ ነው አልልም። ናጋውን ከእኔ ወስዶ ለወንድሙ ይስጠው፤ ለእኔ ምንም አይትረፍ። የምፈራው ከሽማግሌዎቹ ቀን ወዲህ የጃተኒ ድምፅ የቀረው ለመሳል ብቻ መሆኑን ነው። ቦሩ ነገ «ናጋ» ቢለውስ የሚመልስበት ድምፅ ይኖረው ይሆን?

አንባቢዎቼ፣ ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ከሁለት ሰው ጋር በደረጃ ላይ አንዳችሁ ከአንዳችሁ በላይ ሁናችሁ ቁሙ። ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉ፤ አንዳችሁ ዘፈን አውጡ። እጃችሁ ዘፈኑን እስኪለምድ፣ ባልዲውን ማየት እስክትተዉ ድረስ ሥሩ። ከዚያ አውጪውን ድንገት ዝም አሰኙት። ከታች ያለው ሰው ፊቱን ቀና አድርጎ ወደ እናንተ ሲያይ እዩት። እባካችሁ ሞክሩት፤ ባልዲው ግን ባዶ ይሁን።